የመምሬ ጸሐዬ ካባ

ጅቡቲ፣ ግንቦት 27 ቀን 1919 ዓ.ም.፣ ቀትር

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ሚስቴ ውብነሽ ስለ ተቆጣች ነው። ቀትር ላይ ሱቄን ዘግቼ ስገባ ያየሁትን የሰማሁትን ሁሉ እነግራታለሁ። ዛሬ ግን፣ «አምሀ፣ ሆዴ እዚህ ደርሷል፣ ሙቀቱ እንደምታየው ነው፣ አንተ ደግሞ ታወራለህ። ሂድና ለወረቀት ንገረው፤ እኔ ልተኛ» አለችኝ። እሺ፤ ወረቀት አይቆጣም። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ቅኔ ቤት ልገባ ስል ነው ልብስ ስፌት የወሰደኝ። ጽሕፈቴን የሚንቅ ካለ መጥቶ ይሞክረው።

የሰማሁት ይህ ነው። ለገሃር አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ወይዘሮ ደብሪቱ ሱቄ ድረስ መጥታ፣ መምሬ ጸሐዬ ሊሄዱ ነው አለችኝ። ወዴት? ወደ አገራቸው ወደ መንዝ። ታናሽ ወንድማቸው እዚያ የደብር አለቃ ሆኗል፤ ይምጡ፣ በቃዎ፣ እዚያ በረሃ ምን ያደርጋሉ ብሎ በመንገደኛ ልኮባቸዋል። እሳቸውም እስቲ ላስብበት ብለዋል።

እኔን ምን ቸገረኝ? ሰውዬው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሱቄ በር ላይ ያለችውን አግዳሚ ይዘው ይቀመጣሉ። በሰፈሩ ነፋስ የሚያልፍባት ቦታ እሷ ብቻ ናት፤ ደንበኛ ይቆማል፣ እሳቸው ይቀመጣሉ። ጥቁር ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሀል ተክለው ስፌቴን ያያሉ። «ይህ መስመር ጠምሟል» ይላሉ። ቄስ ስለ ስፌት ምን ያውቃል? ደግሞ ሳየው እውነትም ጠምሞ ይገኛል። ለትዕቢቴ እያሉ ስግደት ያዙብኛል፤ በዚህ ሙቀት መስገድ ምን ማለት እንደሆነ የሰገደ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ በዚህ ከተማ የኛ ሰው ያለው አንድ ቄስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሳንቃና ቆርቆሮ ናት። ለትልቅ በዓል ከድሬዳዋ ቄሶችና ዲያቆናት በባቡር ይመጡልናል፤ በሌላው ቀን ኪዳን የሚያደርሱ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ የሞተ የሚፈቱ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው። ውብነሽ ደግሞ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። እሳቸው ከሄዱ ልጄን ማን ክርስትና ያነሣልኛል?

ሰኔ 3

ደብሪቱ ቤት ተሰበሰብን። የማኅበራችን አለቃ አቶ ተክለወልድ ነው፤ በምድር ባቡር አስተርጓሚ ስለሆነ ንግግር ይወዳል። ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። እኒህ ሰው ይህን ያህል ዘመን ሲያገለግሉን አንድ ቀን ተሰብስበን እግዜር ይስጥልን ብለናቸው አናውቅም፣ ልባቸው የሸፈተው ቢከፋቸው ነው አለ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

ስለዚህ ሐምሌ አምስት፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ እናከብራቸዋለን። ፍቅራችንን ሲያዩ መንዝን ይረሳሉ። ማንም ምን እንደሚሰጥ ለማንም እንዳይናገር ተስማማን፤ አምና በአንድ ሰርግ ስጦታ ተወዳድረን የተኮራረፍነው ይበቃል። ለመምሬም ትንፍሽ የሚል የለም። የኔ ስጦታ ግን ምስጢር አልሆነም፤ ገና ነገሩ ሲነሣ ካባ እኔ እሰፋለሁ ብዬ ነበር።

ሰኔ 6

ጨርቅ ልገዛ ወደ ዓብዱሰመድ ሱቅ ሄድኩ። ዓብዱሰመድ የሐረር ሰው ነው፤ ከሱ ሌላ ነጋዴ ጋ ገዝቼ አላውቅም፣ ከሱ ጋርም ሳልጨቃጨቅ ገዝቼ አላውቅም። ከመርከብ የወረደ ጥቁር ሱፍ አወጣልኝ፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ እጅ የሚሞላ። እንባዬ ሊመጣ ደረሰ።

ለማን እንደሆነ ሲሰማ መልሶ ሊጠቀልለው ጀመረ። ይህ ለተራራ ነው፣ የዚህ አገር በግ እንኳ ሱፍ አይለብስም አለኝ። አንድ ስስ ጨርቅ አሳየኝ፤ የሶማሌ ሴቶች ለሻሽ የሚገዙትን። እኔ ቄስ ነው የማለብሰው፣ ሙሽራ አይደለም አልኩት። ካባ ማለት ትከሻ ላይ ሲያርፍ የሚከብድ ነገር ነው፤ ክብር የተባለውም ስለሚከብድ ይሆናል።

ሱፉን ገዛሁ። ገበሩንም ወፍራም አደረግሁት፤ ከሠራሁ አይቀር አሳምሬ ነው የምሠራ።

ሰኔ 10

ልኬት አስቸገረ። ሜትሬን ይዤ ብቀርብ ይነቃሉ። ስለዚህ ትናንት መስቀል ስሳለም አቀፍኳቸውና ትከሻቸውን በስንዝሬ ለካሁ። ዛሬ ደግሞ ጀርባቸው ላይ አቧራ አለ ብዬ እያራገፍኩ ቁመታቸውን ያዝኩ። ደረታቸው ሲቀረኝ እንደገና አቀፍኳቸው። ሲቃ ያዘኝ ለማለት ትንሽም ተንሰቀሰቅኩ።

«አምሀ፣ ልብህን የከበደው ነገር ካለ ና ንስሐ ግባ» አሉኝ። «እንዲህ አትጠምጠምብኝ።»

እንዴት ያሉ ቀጭን ሰው ናቸው። ጃንጥላውና እሳቸው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ይህን እስከዛሬ አላየሁትም ነበር።

ሰኔ 19

ሥራ። ላብ። ሱፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስሰፋ እሳት የታቀፍኩ ነው የሚመስለኝ። ውብነሽ አየችኝና፣ «ሰፊውን እንዲህ ካደረገው ለባሹን እንዴት ሊያደርገው ነው?» አለች። እርጉዝ ሴት ሁሉ ነገር ይሞቃታል።

ሰኔ 23፣ ማታ

ዛሬ ልያዝ ነበር። ካባውን ዘርግቼ ዘርፉን ስይዝ መምሬ ከመንገድ ማዶ ብቅ አሉ። መደበቂያ አጣሁና ጠቅልዬ አግዳሚዋ ላይ ጣልኩት፣ ነጠላ ደረብኩበት። እሳቸው መጥተው በላዩ ቁጭ። ከቆይታ በኋላ፣ አምሀ ዛሬ ይህ አግዳሚህ ምነው አቃጠለኝ አሉ። ፀሐዩ ነው አልኳቸው።

እንደ ልማዳቸው ስፌቴን አላዩም፤ መንገዱን ያያሉ። ከዚያ ወንድማቸው የላከውን ነገሩኝ። ብርዱን አነሡ፣ ጉሙን አነሡ። እንጃ፣ ብዙ ዓመት ሆነ፣ እዚያስ ማን ያውቀኛል አሉ። ጃንጥላቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ ጠየቁኝ፦

«አንተስ ምን ትለኛለህ?»

አፌ ላይ መጣ። አይሂዱብን ልል፣ ሐምሌ አምስትን ብቻ ይጠብቁ ልል። ነገር ግን ምስጢር ነው፣ ቃል ገብቻለሁ። ፊቴን ደረቅ አድርጌ፣ «እንደ ፈቀድዎ ነው እንጂ አባቴ፣ እኛ ምን እንላለን» አልኩ።

«ልክ ነህ» አሉና ተነሡ። ከወትሮው ቀደም ብለው ነው የሄዱት። ምንም አልጠረጠሩም። ምስጢር እንዲህ ነው የሚጠበቅ።

ለውብነሽ ስነግራት ትክ ብላ አየችኝ።

ሐምሌ 4

ካባው አለቀ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። አንገቱ፣ ዘርፉ፣ የትከሻው አወራረድ። ዓብዱሰመድ አይቶ፣ አላህ ትዕግሥት ይስጣቸው አለ። ቅናት ነው።

ሐምሌ 5

ምን ብዬ ልጻፍ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከኪዳን በኋላ ግቢው ሞላ። ሐምሲን የሚሉት የበረሃ ትኩስ ነፋስ ገና በማለዳ ተነሥቶ አሸዋ ይረጫል። መምሬን ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ለምን እንደሆነ አላወቁም፤ ሽማግሌ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። እኔ ካባውን አመጣሁ። ሕዝቡ ሁሉ እሰይ ሲል ሰማሁት። ትከሻቸው ላይ ሳደርገው ወንበሩ ሲጢጥ አለ፤ እሳቸውም ትንሽ ዝቅ አሉ። ግርማ ሞገሳቸው ግን። ከአንገታቸው በላይ ብቻ ነው የሚታዩት፣ ያም ያማረ ነው።

ደብሪቱ ቀጠለች። ለስንት ቀን ስትደብቅ የከረመችውን ሁለት ትልልቅ ከረጢት አቀረበች፤ አንዱ ዳቦ ቆሎ፣ አንዱ በሶ። እጇ የሚያውቀው ይህን ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ባቡር ሳይሳፈር ከሷ ነው የሚገዛው። ከዚያ ባቡር የሚጠግኑት ልጆች ተነሡ። ራሳቸው የሠሩትን የቆርቆሮ ሣጥን አመጡ፤ ማንጠልጠያ አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ክዳኑ ላይ የመምሬ ስም ተጽፏል። ተክለወልድ ንግግሩን ጀመረ። ጥሩ ንግግር ነው፣ እውነት ለመናገር አምናም ሰምቼዋለሁ፤ አንድ የፈረንጅ ሹም ከባቡሩ ሥራ ሲሰናበት ያነበበው ነው። «ድካምዎን አንረሳም» አለ። «ሥራዎ በመካከላችን ይኖራል» አለ። መጨረሻ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ «መንገድዎን እግዚአብሔር ያቅናልዎ» አለ።

መምሬ ተነሡ። ላቡ ከግንባራቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ከላቡ ጋር እንባ እንዳለበት መጀመሪያ አላስተዋልኩም።

«ልጆቼ፣ ገባኝ» አሉ። «ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ ሁለት ልብ ሆኜ ነበር። እናንተ ስንቄን አዘጋጅታችሁ፣ ሣጥኔን ሠርታችሁ፣ ለአገሬ ብርድ የሚሆን ካባ አልብሳችሁ በክብር ሸኛችሁኝ። ፍልሰታን አብሬያችሁ ጾሜ እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

ሰው ሁሉ ድንጋይ ሆነ። ደብሪቱ ግን የንግግሩ መጨረሻ መሆኑን እንጂ ነገሩን አልሰማችውም ነበርና እልል አለች። አንድ ሰው ሲጀምር የማይከተል የለም። ግቢው በእልልታ ተናወጠ።

እሳቸው እንባቸውን በካባው ጫፍ ጠርገው መረቁን። ምርቃቱ ሲያልቅ ሙቀቱ አሸነፋቸውና እኔ ላይ ወደቁ። ከሱፉ አውጥተን ውኃ አፈሰስንባቸው።

ሐምሌ 6

ማን አጠፋ በሚለው ላይ ተጨቃጨቅን። ተክለወልድ ዳቦ ቆሎው ነው አለ፤ ስንቅ የሚሰጥ ሰው ሂድ ማለቱ ነው። ደብሪቱ ሣጥኑ ነው አለች፤ ቁልፍ ያለው ሣጥን ለቤት ሰው አይሰጥም። ልጆቹ ንግግሩ ነው አሉ። ካባው የማንም ጥፋት አይደለም፤ እጅግ ያማረ ካባ ነው።

ሁሉም ዘወር ብለው እኔን ለምን እንዳዩኝ አላውቅም።

ሐምሌ 12

ለመምሬ እውነቱን እንድነግር እኔ ተላክሁ። አግዳሚዬ ላይ ብዙ ስለሚቀመጡ ትቀርባቸዋለህ ተባልኩ። ቤታቸው ስደርስ ካባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሁለተኛ ሰው የቆመ ይመስላል። ምነው ቢቀሩልን አባቴ አልኩ። አይሂዱብን አልኩ። እንዲያውም እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር።

እሳቸው ፈገግ ብለው አነሡኝ። «አይዞህ። ሰው ሲሸኝ ቆይ ይባላል፤ ደንቡ ነው። የወግህን አደረስህ፣ እግዜር ይስጥህ።»

ደንብ አይደለም፣ እውነቴን ነው አልኩ። ይህንንም ማለት ደንብ ነው አሉኝ። እኔም ስንቱን እንግዳ ልቤ ሂድልኝ እያለ ቆይ፣ እደር፣ ምነው ቸኮልክ ብዬ ልብሱን ይዣለሁ። አንድ ቀን ለእውነት ሲያስፈልገኝ ቃሉ አልቆ ጠበቀኝ።

የመንገድ ከረጢት እሰፋልዎታለሁ ብዬ ወጣሁ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ሐምሌ 21

ተክለወልድም ሄደ፣ ደብሪቱም ሄደች። በለመንናቸው ቁጥር ያመሰግኑናል። ደብሪቱማ ወድቃ ስታለቅስ፣ እንዲህ ያለ የአሸኛኘት ወግ ከማን ተማርሽ ብለዋታል።

ወደ ሱቄ አይመጡም። ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰናበታሉ። አግዳሚዋ ባዶ ናት። ነፋሱን ብቻዬን እቀበላለሁ፤ ቦታ ተለቀቀልኝ ማለት ነው። አንድ ደንበኛ ዛሬ ኮት መለሰልኝ፤ የጀርባው ስፌት ጠምሟል። ማንም አልነገረኝማ።

ማምሻውን ከውብነሽ ጋር ሄሮን ወደሚሉት ሰፈር በባሕሩ ዳር ሄድን፤ መራመድ አለብሽ ተብላለች። መምሬ ብቻቸውን ጃንጥላቸውን ይዘው ባሕሩን ሲያዩ አየናቸው። አላስቸገርናቸውም።

ነሐሴ 4

ሴት ልጅ ተወለደችልኝ። ውብነሽ ደኅና ናት። ልጅቱ ትጮሃለች፤ ድምፅዋ የእናቷ ነው።

ነሐሴ 5፣ ቀትር

መምሬ ጸበል ሊረጩ መጡ። እስከዛሬ ወንድ ቢሆን ብዬ ስቆጥር ነበር፤ ለወንድ ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፣ ምናልባት ይቆዩልኝ ነበር። ለሴት ሰማንያ። ሳልጠይቃቸው፣ ስለ ክርስትናዋ አታስብ፣ ለድሬዳዋ ቄሶች ነግሬያለሁ፣ ቀኑ ሲደርስ አንዱ ይመጣል አሉኝ። ሁሉን አስበውበታል።

ከሩቅ ልጅቱን አዩዋት። ረዥም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ፣ ስታድግ የኔን አግዳሚ ስጣት ብለው ወጡ።

የኔን አግዳሚ። የማን አግዳሚ ነው?

ውብነሽ፣ ሰውዬው ዓይናቸው እንባ ሞልቷል እኮ አለች። ጸበሉ ረጭቷቸው ነው አልኳት። እሷ አራስ ሆና እንኳ አትተወኝም፤ ቀና አለችና፣ «አምሀ፣ ቃል አልሰማ ብለውሃል። እሳቸው ያመኑት ጨርቁን ነው። በካባ ያባረርካቸውን በካባ መልሳቸው» አለች።

ይህን ነገር እኔም ልለው ነበር።

ነሐሴ 6

ዓብዱሰመድ ጋ ሄድኩ። ያን ስስ ጨርቅ አምጣ አልኩት። የቱን አለ። ታውቀዋለህ አልኩት። ያ ለሙሽራ አይደለም እንዴ አለ። እየተንከባለለ ሊስቅ ሲል ለምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ሳቁን ተወ። ከላይኛው መደርደሪያ ከሁሉ ያማረውን ጥቁር አወረደልኝ፤ በብርሃን ሲይዙት እጅ ያሳያል። ዋጋ ስጠይቀው ተቆጣ። ያለ ጭቅጭቅ ያገኘሁት የመጀመሪያው ጨርቅ ነው።

ነሐሴ 11

እንዲህ ያለ ጨርቅ ሰፍቶ የሚያውቅ ይፍረድ። ይንሸራተታል፣ ይሸሻል፣ ትንፋሽ ያስነሣዋል። ሱፉ ቀላል ነበር፤ ጥፋትን ሁሉ ይደብቃል። ይህ አንዲት የጠመመች መስመር አይደብቅም። ሁለት ጊዜ ፈታሁት። መጨረሻ ላይ መኪናውን ትቼ በእጄ መርፌ ሰፋሁት፣ ገበር የሚባል የለውም። ለማንም አልነገርኩም፤ ከውብነሽ በቀር፤ ከዓብዱሰመድ በቀር፤ ደብሪቱ ደግሞ እንዴት እንዳወቀች እንጃ።

ልኬት አላስፈለገኝም። ትከሻቸው እስካሁን እጄ ላይ አለ።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ከጸሎት በኋላ ሰው ወደየቤቱ ሲጣደፍ ከበር ጠበቅኳቸው። ያለ ንግግር፣ ያለ ወንበር፣ ጥቅልሉን እጃቸው ላይ አኖርኩ። ፈቱት። በነፋሱ ተነሥቶ ፊታቸውን ሸፈነው፤ ከፊታቸው ላይ አወረድኩት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ካባ ነው።»

በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት። «አምሀ፣ ይህን ለብሼ መንዝ ብወጣ እኮ በብርድ አልቃለሁ።»

«አዎ» አልኩ። «ያልቃሉ። ደጋ የሚለበስ አይደለም። ለሐረርም አይሆንም። ከዚህ ከተማ በቀር የትም አይሆንም።»

ቆሙ። ካባውን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ያኛውስ አሉኝ፣ የመጀመሪያው። እዚህች ወረቀት ላይ ልጻፈው እንጂ ለሌላ ሰው አልደግመውም፤ እሱ ስሕተት ነው አልኳቸው። በዚህ እጅ ስሕተት ተሰፍቶ አያውቅም እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ሰኔ ላይ አግዳሚህ ላይ ተቀምጬ ጠይቄህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እንደ ፈቀድዎ አልከኝ።»

ያኔ ስፌቴን ትተው መንገዱን ሲያዩ፣ ጃንጥላውን ሲያሽከረክሩ፣ ሁሉም አሁን ታየኝ። ሰውዬው ያን ቀን አትሂድ የሚላቸው ፈልገው መጥተው፣ እኔ ምስጢር ስጠብቅ። ካባውን ጎትቼ ዘርፉን የማስተካክል መስዬ አለቀስኩ። ጸበል አልነበረም።

እቀራለሁ አላሉም። ካባውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አድርገው ሄዱ። ባቡሩ ከነገ ወዲያ ነው።

ነሐሴ 17

እንቅልፍ የለም፣ ሥራም የለም። ልጅቱን ታቅፌ ስንጎራደድ ውብነሽ፣ ተቀመጥ፣ ራሷን አዞርክባት አለች። አግዳሚዋ ላይ ማንንም አላስቀመጥኩም።

ነሐሴ 18

ገና ሳይነጋጋ ለገሃር ነበርኩ። ደብሪቱ አለች፣ ልጆቹ አሉ። ተክለወልድ ያን የንግግሩን ወረቀት ይዟል። ዓብዱሰመድ እንኳ ሥራ አለኝ ብሎ መጥቷል፣ በዚያ ሰዓት ለገሃር ምን ሥራ እንዳለው እንጃ።

መጀመሪያ የመጣው ሣጥኑ ነው። አንድ ወዛደር በትከሻው ተሸክሞ። ስማቸው ክዳኑ ላይ። ደብሪቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከኋላው መምሬ ይመጣሉ፤ ጃንጥላቸውን ይዘዋል። ትከሻቸው ላይ ምን እንዳለ ገና ከሩቅ አየሁት፤ ነፋሱ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል፣ ይከተላቸዋል።

ሣጥኑ ባቡሩ ላይ ሦስተኛ ማዕረግ ተጫነ። እሳቸው ግን አልተሳፈሩም። ወደ አዲስ አበባ ከሚሄድ አንድ ነጋዴ ጋር ብዙ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ወደ መንዝ የሚያደርስ ሰው ይፈልግላቸዋል። ቁልፉን ሰጡት። ውስጡ የሱፉ ካባ አለ፣ ዳቦ ቆሎው አለ፣ በሶው አለ። ባቡሩ ሲያፏጭ ወደኛ ዞር አሉ።

«ወንድሜ ብርድ አገር ነው ያለው፤ ካባው ለሱ ይሂድለት» አሉ። «እኔማ ይህን ለብሼ የት እሄዳለሁ?»

ደብሪቱ እልል አለች። አሁን ቦታው ነበር። ተክለወልድ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ፤ ሊያጥፈው ሲል መምሬ አይተው፣ ግድ የለም አንብበው፣ ለሣጥኑ ይሆናል አሉት። አነበበው። ድካምህን አንረሳም አለው፣ ሥራህ በመካከላችን ይኖራል አለው፣ መንገድህን እግዚአብሔር ያቅናልህ አለው። ባቡሩ እስኪርቅ ድረስ ለሣጥኑ እጅ ነሣን። ንግግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ቦታው ላይ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ሱቄን እንደከፈትኩ መጡ። አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሀል ተከሉ። እኔ የተመለሰብኝን ኮት ይዤያለሁ። ነፋሱ ካባቸውን ያነሣዋል። ከዚያ አንገታቸውን ዳሰስ አድርገው፣ ይህ በስተግራ ትንሽ ላልቷል አሉ። አልላላም አልኩ። ቀርቤ ሳየው ላልቷል።

«ለትዕቢትህ ትሰግዳለህ» አሉኝ።

«እሺ አባቴ» አልኩ። በሕይወቴ ስግደት ታዞብኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቤት ስሰግድ ውብነሽ ካየች እንደገና ሊያወራብኝ ነው ብላ ትፈራለች፤ ነገር ግን ዛሬ የምነግራት አለኝ፣ ለወረቀት የማልተወው።